መድኃኒት የለመደ የበግ ትል፦ እንዴት ይለያል? ከተለየስ በኋላ?

«ኪኒኑን ሰጥቼዋለሁ፣ ግን ምንም ለውጥ የለም» የሚለው ቅሬታ ክረምት በገባ ቁጥር በየእንስሳት ጤና ኬላው ይሰማል። የሚሰጠው መልስም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ መድኃኒት መቀየር። ይህ መልስ ሁለት ቦታ ላይ ይስታል። መድኃኒቱ ያልሠራው ትሉ ስለለመደው ላይሆን ይችላል፤ በእርግጥ ለምዶት ከሆነ ደግሞ አዲስ ተብሎ የተገዛው ኪኒን ስሙ ተለየ እንጂ የመድኃኒት ቤተሰቡ (ትሉን የሚገድልበት መንገድ) ያው የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለበግ አርቢና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ የተጻፈ ነው፤ መጀመሪያ ሌሎቹን ምክንያቶች ማጣራት፣ ቀጥሎ ቆጥሮ ማረጋገጥ፣ ከዚያም የቀረውን መድኃኒት ሳያበላሹ መጠቀም።

የምናወራው ስለየትኛው ትል ነው?

በበግ ሆድ ውስጥ ብዙ ዓይነት ክብ ትሎች ይኖራሉ። በአገራችን ዋናው ገዳይ ሂሞንከስ ኮንቶርተስ የተባለው ነው። መኖሪያው ከሽንፍላ ቀጥሎ ከቀጭን አንጀት ጋር የሚገናኘው አራተኛው የሆድ ክፍል ነው። ሴቷ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ደም የሞላው ቀይ አንጀቷ ላይ ነጩ የእንቁላል ቱቦ ስለሚጠመጠምበት ከነጭና ከቀይ ድር የተገመደ ክር ትመስላለች። በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። አንድ ትል በቀን በግምት 0.05 ሚሊ ሊትር ደም ያሳጣል። ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን 5,000 ትል የተሸከመ በግ በየቀኑ ሩብ ሊትር ያህል ደም ይወጣዋል ማለት ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን በግ ያለው ደም በሙሉ ተደምሮ ሁለት ሊትር አይሞላም።

ስለዚህ ሂሞንከስ ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ሳያሳይ ይገድላል። የሚታየው የዓይን ቆብ ውስጡ መንጣት፣ ከመንጋጋ ስር ውሃ የቋጠረ ለስላሳ እብጠት፣ ከመንጋው ኋላ መጎተት ነው። ተቅማጡ ጎልቶ ከታየ ምናልባት አንጀት ውስጥ የሚኖሩት እንደ ትራይኮስትሮንጋይለስ ያሉት ይሆናሉ፤ ወይም ጨርሶ ትል አይደለም።

በግ የትሉን እጭ ከሣር ጋር ከዋጠ በኋላ በሦስት ሳምንት ገደማ በበጠጡ ውስጥ እንቁላል መታየት ይጀምራል። እንቁላሉ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተላላፊ እጭ ይሆናል። በአንድ ክረምት ብዙ ትውልድ ይተካካል፤ በዚያ ሁሉ ሚሊዮን እንቁላል መካከልም መድኃኒት የማይነካው ጥቂት ትል ከመጀመሪያውም አለ። አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት የሚገድለው ቤታ ቱቡሊን ከተባለ የትሉ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው፤ በዚህ ፕሮቲን 200ኛ ቦታ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ሲለወጥ መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። «ለመደ» የምንለው ለአነጋገር ያህል እንጂ ትሉ ተምሮ አይደለም። መድኃኒቱ የሚሞተውን ገድሎ የማይሞተውን ለዘር ያስቀራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የአልቤንዳዞል ታላቅ ወንድም የሆነው ታያቤንዳዞል ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ በ1964 አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱን የተቋቋመ ሂሞንከስ ተመዝግቧል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የፍየል መንጋ ውስጥ አልቤንዳዞልን፣ ቴትራሚዞልንና አይቨርሜክቲንን ሦስቱንም የተቋቋመ ሂሞንከስ አግኝቷል። በአካባቢው አርሶ አደሮች መንጋ ውስጥ ግን አልተገኘም። ልዩነቱ ለምን እንደመጣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን፤ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ቁልፍ እዚያ ነው።

«አልሠራም» ከማለታችሁ በፊት

መጀመሪያ የምትጠረጥሩት መጠኑን ይሁን። ባለ 300 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ሲታሰብ እስከ 40 ኪሎ በግ ይበቃል። ግማሹ ለ20 ኪሎ ነው። 27 ኪሎ የሚመዝን ቄብ «ትንሽ ናት» ተብሎ ግማሽ ከተሰጣት በኪሎ 5.6 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ አገኘች። ባለ 600 ቴትራሚዞልም በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ታስቦ ለ40 ኪሎ ነው። ከሁሉ የከፋው ለከብት የተሠራውን ባለ 2,500 አልቤንዳዞል በቢላ ቆራርጦ ለበግ ማደል ነው፤ አንዱ ቁራሽ 150 ሌላው 400 ሊሆን ይችላል፣ በዓይን የሚለየው የለም።

ሁለተኛው፣ ኪኒኑ ተውጧል ወይ? ምላስ ላይ የተቀመጠ ኪኒን በጉ ጉንጩ ውስጥ ይዞት ይቆይና ዞር ስትሉ ይተፋዋል። ከጋጣው ወለል ላይ ኪኒን ያገኘ ሰው ትሉን ከመክሰሱ በፊት እጁን ይመርምር።

ሦስተኛው፣ የተገደለው ትልና የታየው ትል አንድ ናቸው ወይ? በበጠጥ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ የሚታየው ነጭ ነገር የቴፕ ትል ቁራጭ ነው። በዓይን ስለሚታይ አርቢውን ያስደነግጣል እንጂ ብዙም አይጎዳም። ቴትራሚዞልና አይቨርሜክቲን አይነኩትም፤ ስለዚህ ቴትራሚዞል የወሰደ በግ በማግስቱም «ሩዙን» ቢጥል መድኃኒቱ ከሽፏል ማለት አይደለም። ዋናው ጠላት የሂሞንከስ እንቁላል ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም።

ረግረግና ጨፌ ባለበት ደጋ ደግሞ የጉበት ትል አለ። እሱም ደም ያሳጣል፣ ዓይን ያነጣል፣ ከመንጋጋ ስር ያሳብጣል፤ ከሂሞንከስ ጋር በዓይን መለየት አይቻልም። ቴትራሚዞል ለብቻው አይነካውም፣ አይቨርሜክቲንም አይነካውም፣ አልቤንዳዞል የሚደርሰው ጎልማሳው ላይ ብቻ ነው። ትራይክላቤንዳዞል በተቃራኒው የጉበት ትልን እንጂ ክብ ትሎችን አይገድልም፤ በ«ዳዞል» ማለቁ ብዙ ሰው አሳስቷል።

አራተኛው ዳግም መያዝ ነው። ታክሞ ወደዚያው እርጥብ መስክ የተመለሰ በግ በዚያው ዕለት አዲስ እጭ ይውጣል። ከወር በኋላ ከስቶ ቢታይ ይህ የመድኃኒቱን መሥራት አለመሥራት አይነግራችሁም። ቀሪው የመድኃኒቱ ጥራት ነው፦ ገበያ መሬት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። ፈቃድ ካለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ግዙ፤ የምርት ቁጥሩን ጻፉ።

አመዛዘንና አጋጋት

በዓይን ግምት አትመኑ፤ የለመደ የበግ ነጋዴ እንኳ ይሳሳታል፣ አርቢ ደግሞ የራሱን በግ አሳንሶ መገመት ይቀናዋል። የሚንጠለጠል ባለ 50 ኪሎ ሚዛንና እግር ማውጫ አራት ቀዳዳ የተበጀለት የማዳበሪያ ጆንያ ይበቃል። እሱ ከሌለ በሰው ሚዛን ላይ በጉን አቅፋችሁ ቁሙ፤ ቀጥሎ ብቻችሁን ቁሙና ቀንሱ። ሁሉንም መመዘን ካልተቻለ መንጋውን በግልገል፣ በጠቦትና ቄብ፣ በትልልቅ ክፈሉና ከየቡድኑ ከባዱን መዝኑ። ለቡድኑ ሁሉ የከባዱን መጠን ስጡ። በቡድኑ ውስጥ ሰፊ የክብደት ልዩነት ካለ ግን እንደገና ክፈሉት፣ በተለይ ለቴትራሚዞል፦ 15 ኪሎ ግልገል ሙሉ ባለ 600 ቢውጥ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ነው፤ ምራቅ ማዝረክረክና መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። አልቤንዳዞል ደግሞ ለመርዛማነት የዋህ ቢሆንም በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ጽንስ ይጎዳል። አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር በሚውልበት ቤት የትኛዋ በግ በዚያ ወር ላይ እንዳለች የሚያውቅ የለም፤ ለተጠረጠረችው ሌላ ቤተሰብ ስጡ።

ኪኒኑን በትክክል ለመከፋፈል ፈጭቶ በውሃ መበጥበጥ ይሻላል። አንድ ባለ 300 አልቤንዳዞል አድቅቃችሁ በሃይላንድ ውስጥ ከ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ብትበጠብጡ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለ25 ኪሎ በግ 187.5 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፤ 19 ሚሊ ሊትር በመርፌ አልባ ስሪንጅ ይቀዳል። አልቤንዳዞል በውሃ አይሟሟም፣ ይዘቅጣል፤ ከእያንዳንዱ ቅጃ በፊት ካልተናጠ የመጀመሪያዎቹ በጎች ውሃ፣ የመጨረሻው ደለል ይጠጣል። ቴትራሚዞል ይሟሟል፤ አንድ ባለ 600 በ20 ሚሊ ሊትር ሲበጠበጥ በሚሊ ሊትር 30 ሚሊ ግራም ነው፣ ለ25 ኪሎ በግ 12.5 ሚሊ ሊትር። ባለ 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለ25 ኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ከቆዳ ስር።

ስትግቱ በጉን በእግራችሁ መካከል ያዙ፤ አገጩን ደግፉ፣ አፍንጫው ከዓይኑ ከፍታ እንዳያልፍ። ወደ ላይ የተጎተተ አንገት መድኃኒቱን ወደ ሳንባ ይመራዋል። ስሪንጁን በአፉ ጎን፣ ጥርስ በሌለበት ክፍተት አስገብታችሁ ከምላሱ ኋላ በዝግታ ልቀቁ። ቦታው የሚያስጨንቀው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ፈሳሹ አፍ ፊት ላይ ከፈሰሰ ከበጉ ጉሮሮ ጫፍ ጀምሮ ያለው የወተት መሄጃ ቦይ እንደ ቱቦ ሊገጥምና መድኃኒቱ ትልቁን ሆድ ዘሎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ሊወርድ ይችላል። ትልቁ ሆድ ለአልቤንዳዞል እንደ ጎተራ ነው፤ እዚያ ተከማችቶ ቀስ እያለ ሲለቀቅ ነው ትሉን ረዘም ላለ ሰዓት የሚያገኘው። ለዚሁ ሲባል ከአልቤንዳዞል በፊት ከ12 እስከ 24 ሰዓት መኖ ከልክሎ ውሃ ብቻ መስጠት ይረዳል። ለመውለድ የተቃረበችና የከሳች በግ ግን አትጹም።

ቆጥሮ ማረጋገጥ

መላመድን የሚያረጋግጠው በመድኃኒት ፊትና ኋላ የእንቁላል ቆጠራ ነው። አንድ አርቢ ብቻውን በቂ በግ ስለማይኖረው በአንድ የወል ግጦሽ የሚውሉ የጎረቤታሞች በጎች እንደ አንድ መንጋ ይወሰዱ፤ ትላቸውም አንድ ነውና። ጥሩው ጊዜ እንቁላል የሚበዛበት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ማይክሮስኮፕና ማክማስተር ስላይድ (መስመር የተሰመረበት የእንቁላል መቁጠሪያ መስታወት) ያለው ክሊኒክ ይበቃል፤ ካልተገኘ በባሕር ዳር፣ በኮምቦልቻ፣ በአሰላ፣ በበደሌና በሶዶ ያሉት የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪዎች ወይም የቢሾፍቱና የጎንደር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች አሉ።

ለእያንዳንዱ መድኃኒት ከ10 እስከ 15 በግ ምረጡ። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር ያሉት ይመረጣሉ፤ ባለፉት ስምንት ሳምንታት ምንም የትል መድኃኒት ያልወሰዱ ይሁኑ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ለእከክ የተወጋው አይቨርሜክቲንም የትል መድኃኒት መሆኑን ነው። በጎቹን በቁጥር ለዩ፤ በጀርባ የተቀባ ቀለም ክረምት ላይ በሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ የጆሮ ቁጥር ወይም ቁጥር የተጻፈበት የአንገት ገመድ ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን ጓንት ባደረገ ጣት በቀጥታ ከፊንጢጣ ቢያንስ 5 ግራም በጠጥ አውጡ፤ ከመሬት የተለቀመ አይሆንም። ትንሽ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አየሩን ጨምቃችሁ አውጡና ቋጥሩ። እንቁላሉ አየርና ሙቀት ካገኘ በአንድ ቀን ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለ ደግሞ አይቆጠርም። በፍሪጅ በ4 ዲግሪ እስከ ሳምንት ይቆያል፤ አይቀዝቅዝ እስከ በረዶ። በዚያው ዕለት እያንዳንዱን መዝናችሁ በትክክለኛው መጠን ግቱ።

ሁለተኛው ናሙና የሚወሰድበት ቀን በመድኃኒቱ ይለያያል፦ ቴትራሚዞል ከ3 እስከ 7 ቀን፣ አልቤንዳዞል ከ8 እስከ 10፣ አይቨርሜክቲን ከ14 እስከ 17። ምክንያቱን ማወቅ ስህተትን ይከላከላል። ቴትራሚዞል ያላደጉትን ትሎች በደንብ ስለማይገድል ከዘገያችሁ እነሱ አድገው መጣል ይጀምራሉ፣ የሚሠራው መድኃኒት የከሸፈ ይመስላል። አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን በተቃራኒው ያልሞተችውን ትል ለጊዜው እንቁላል ያስቋርጧታል፤ ከቸኮላችሁ የከሸፈው የሠራ ይመስላል። አንድ ቀን ብቻ መሄድ የሚቻል ከሆነ 14ኛውን ቀን ያዙ፣ የቴትራሚዞሉን ውጤት ግን በጥርጣሬ እዩት።

ቆጠራው እንዲህ ነው። 400 ግራም የገበታ ጨው በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ በጥብጡ፤ ሲቀዘቅዝ ታች ጥቂት ያልሟሟ ጨው ከቀረ በትክክል ጠግቧል። 2 ግራም በጠጥ መዝናችሁ በ28 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ አድቅቁ፣ በሻይ ማጥለያ አጥልሉ፣ እያማሰላችሁ ቀድታችሁ ሁለቱንም የስላይዱን ክፍሎች ሙሉ። እንቁላሉ እንዲንሳፈፍ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ባለ 10 ሌንስ ተጠቅማችሁ በመስመሮቹ ውስጥ ያለውን ሁሉ ቁጠሩና ድምሩን በ50 አባዙ፤ ያ በአንድ ግራም በጠጥ ውስጥ ያለው የእንቁላል ቁጥር ነው። ስላይዱን ግማሽ ሰዓት ካቆያችሁት ጨው ይጋገርና እንቁላሉ ይጨማደዳል። የሂሞንከስና የዘመዶቹ እንቁላል ሞላላ፣ ቀጭን ቅርፊት ያለውና በውስጡ ብዙ ሕዋስ የሞላ ነው። ሦስት ማዕዘን የሚመስለው የቴፕ ትል ነው፤ በሁለት ጫፉ ቡሽ ያለበት ትራይኩሪስ የተባለ ሌላ ትል ነው፤ እነዚህን አትደምሩ።

እንበል የ12 በጎች አማካይ ከመድኃኒቱ በፊት 1,400፣ በኋላ 350 ሆነ። 350 ለ1,400 ሲካፈል ሩብ ነው፤ ቅነሳው 75 በመቶ። ጤነኛ መድኃኒት 95 በመቶና ከዚያ በላይ መቀነስ አለበት። ከ90 በታች ከሆነ መላመድ አለ ብላችሁ ተነሱ። በመሀል ያለው ይደገማል። አንድ ጥንቃቄ፦ ከመድኃኒቱ በፊት አማካዩ ከ150 ካነሰ ፈተናውን አትጀምሩት። በ50 የሚባዛ ቆጠራ ላይ አንዲት እንቁላል ማየትና አለማየት ውጤቱን ይገለብጠዋል። በሌንሱ ስር በዓይን የተቆጠሩት የቡድኑ እንቁላሎች ድምር 200 እንዲሞላ ብትጥሩ መልካም ነው።

ውጤቱን ስታዩ የአንድ ሁለት በግ ነገርም አይለፋችሁ። አስሩ ወደ ዜሮ ወርደው ሁለቱ ባሉበት ከቀሩ፣ እነዚያ ሁለቱ ኪኒኑን ተፍተውት እንደሆነ መጀመሪያ ጠርጥሩ። መላመድ ሲኖር በአብዛኞቹ በጎች ላይ ጥቂት ጥቂት ይቀራል።

የተረፈው የትኛው ትል እንደሆነ ለማወቅ በጠጡን ከ7 እስከ 10 ቀን በሞቀ ክፍል አፈልፍሎ እጩን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ናሙና ግን ፍሪጅ አይግባ፤ የሂሞንከስ እንቁላል ብርድ አይችልም፣ በፍሪጅ ከቆየ ሌሎቹ ብቻ ይፈለፈሉና «ሂሞንከስ የለም» የሚል ሐሰተኛ መልስ ይመጣል።

ላቦራቶሪ በሌለበት አካባቢ የበዓል እርድ ይጠቅማል። መድኃኒት ከወሰደ ሁለት ሳምንት የሞላው፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የሥጋ እገዳ ጊዜም ያለፈ በግ ሲታረድ፣ አራተኛውን የሆድ ክፍል ሁለቱን ጫፍ በሲባጎ አስራችሁ ሳይቀዘቅዝ ክፈቱት። ውስጡን በባልዲ እጠቡ፣ እስኪዘቅጥ ጠብቃችሁ ላዩን ድፉ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙና ዝቃጩን ጥቁር ትሪ ላይ ዘርጉት። በትክክል ተመዝኖ በታከመ በግ ውስጥ የተገመደው ክር በብዛት ከተገኘ ቆጠራው የግድ ነው።

ከተረጋገጠ በኋላ፦ ስም ሳይሆን ቤተሰብ

በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኙት ሦስት ቤተሰቦች ናቸው። አልቤንዳዞል፣ ፌንቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል አንድ ናቸው፤ ለአንዱ የለመደ ለሁሉም ነው። ቴትራሚዞልና ሌቫሚዞል አንድ ናቸው፤ እንዲያውም ሌቫሚዞል የቴትራሚዞል የሚሠራው ግማሽ ነው፣ መጠኑ በኪሎ 7.5 የሆነውም ለዚህ ነው። አይቨርሜክቲንና ዶራሜክቲን ሦስተኛው ቤተሰብ። ከጉበት ትል መድኃኒቱ ከኦክሲክሎዛናይድ ጋር ተጣምሮ የሚሸጠው ቴትራሚዞል ለክብ ትል ያው ቴትራሚዞል ነው።

በየዓመቱ ቤተሰብ መቀያየር ለብዙ ጊዜ ሲመከር ቆይቷል፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው፣ ችግሩን በተራ ያስተላልፋል እንጂ አያቆምም። የተሻለው ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቀን፣ እያንዳንዱን በሙሉ መጠን መስጠት ነው፤ በአንድ ስሪንጅ ሳይቀላቀሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንዱ 80 በመቶ ቢገድል፣ ሌላው ከተረፉት 20 ላይ 80 በመቶውን ቢገድል፣ በጠቅላላ 96 ይሆናል። ሁለቱም ወደ 50 ከወረዱ በኋላ ግን ጥምረቱ 75 ብቻ ነው። ስለዚህ ጥምረት የሚበጀው ገና ሳይበላሽ ነው። ሁለት ግማሽ መጠን ማጣመር ደግሞ መላመድን በእጅ መዝራት ነው።

አሁን ወደ ሐረማያው ነገር። ዝግ መንጋ በተደጋጋሚ በአንድነት ሲታከም መስኩ ላይ የሚወርደው እንቁላል መድኃኒቱን ካመለጡት ትሎች ብቻ ይሆናል። የአርሶ አደሩ በግ ግን ከጎረቤት ያልታከመ በግ ጋር ይውላል፤ መስኩ መድኃኒት በሚገድላቸው ትሎች እጭ የተሞላ ስለሆነ የተላመዱት ጥቂቶች ከእነሱ ጋር እየተዳቀሉ ይዋጣሉ። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ተጠቅመው ፍየሎቹን ወደ ወል ግጦሽ ሲያወጧቸው የመድኃኒቶቹ ኃይል ተመልሷል። ለአርቢ የሚከብደው ምክር ከዚህ ይመጣል፦ ሁሉንም አትግቱ። ከአሥር በግ ሁለቱን፣ ሥጋ የያዙትንና ዓይናቸው ቀይ የሆነውን ትልልቆች፣ ያለ መድኃኒት ተዉ። ትሉ በመንጋው እኩል አይከፋፈልም፤ ጥቂት በጎች አብዛኛውን ይሸከማሉና የምትተዉት ሸክሙ የቀለለውን ነው።

ይህ በበጋ ይበልጥ ይጸናል። ከኅዳር እስከ ጥር መስኩ ሲደርቅ እጩ ያልቃል፤ ትሉ ያለው በግ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። በዚያ ወቅት ቀበሌውን ሙሉ በአንድ ቀን መጋት ለዚያ ዓመት ድንቅ ውጤት ያሳያል፣ በልግ ሲገባ መስኩን የሚሞላው ግን የተረፈው ዘር ብቻ ነው። አክሞ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ መስክ ማዘዋወርም ተመሳሳይ ጥፋት ነው፤ ማዘዋወር ካለ መጀመሪያ አዘዋውሩ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ አክሙ።

ዓይን አይቶ መምረጥ

ማን ይታከም የሚለውን ለመወሰን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራውና ስሙን ከእንስሳት ሐኪሙ ፋፋ ማላን ያገኘው የፋማቻ ካርድ አለ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጥ ከአምስት ቀለሞች ጋር ያስተያያል፦ 1 ደማቅ ቀይ፣ 5 ወረቀት የመሰለ ነጭ። አውራ ጣታችሁን በላይኛው ቆብ ላይ አድርጋችሁ ዓይኑን ሸፍኑ፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ተጫኑ፤ በሌላው እጅ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳቡ፤ ብቅ የሚለውን ሥጋ በአንድ እይታ መዝኑ። ከፍታችሁ ከቆያችሁ ቀለሙ ወደ ቀይ ይለወጣል። በቀን ብርሃን፣ ጥላችሁ ሳያርፍበት። 4 እና 5 ያለ ጥያቄ ይታከሙ። 3 ግልገል፣ እርጉዝ፣ የምታጠባ ወይም የከሳች ከሆነች ትታከም። ከመንጋው ከአሥር አንዱ 4 እና 5 ላይ ከደረሰ 3ቱም ሁሉ ይጨመሩ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ በወር አንዴ። በስልክ ወይም በቤት ማተሚያ የተባዛ ካርድ ቀለሙ ስለሚዛባ አይሆንም፤ ካርድ ከሌለ «ቀይ፣ ሮዝ፣ ነጭ» ብሎ በሦስት መክፈል ይሻላል። ዓይኑ የታመመ በግ በዚህ አይለካም፤ የጉበት ትልና በቆላ ያለው ገንዲም ዓይን ያነጣሉ።

ሦስት ጊዜ ተከታትሎ 4 ላይ የተገኘ በግ ለዘር አይቅር፣ ይሸጥ።

መስኩን በተመለከተ አጭሩ ነገር፦ እጩ እርጥብ ሣር ላይ በታችኛው 5 ሴንቲ ሜትር ይበዛል። ጤዛ ሳይረግፍ አታሰማሩ፤ ግልገሎችን ከጨፌው ዳር አርቁ፤ አጨዳ ሲያልቅ የሰብል ማሳው መጀመሪያ ለእነሱ ይሁን። ትሪ ሉሰርን የመሰለ ቅጠል ከመሬት ከፍ ስለሚል እጭ የለበትም። በቀን 200 ግራም ያህል የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ የሚያገኝ ግልገል ትሉን በተሻለ ይቋቋማል፤ የወለደች በግም እንዲሁ፣ ከመውለዷ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ እስከ ሁለት ወር እንቁላል የምታበዛበት ጊዜ ነውና።

ፍየልና እንግዳ በግ

ፍየል መድኃኒቱን ከበግ ፈጥና ከሰውነቷ ታስወግዳለች። በበግ መጠን የታከመች ፍየል ሁልጊዜም በከፊል ብቻ ታክማለች፤ የተረፈው ሂሞንከስ አብሮ በሚውለው በግ ይገባል። በአፍ የሚሰጥ አልቤንዳዞል ለፍየል በኪሎ 10፣ ሌቫሚዞል 12 ሚሊ ግራም ይሁን። ከዚያ በላይ ወይም ሌላ መድኃኒት ከሆነ ባለሙያ ይወስን፣ በተለይ ሌቫሚዞል ላይ ስሕተት ይጎዳል።

ከገበያም ሆነ ከማባዣ ጣቢያ የመጣ አውራ፣ በተለይ በየጊዜው መድኃኒት ከሚሰጥበት ዝግ መንጋ የመጣ፣ የተላመደውን ትል ይዞ ሊገባ ይችላል። በዕለቱ ከሁለት ቤተሰብ በሙሉ መጠን ግቱት። 14 ቀን በቤት እያበላችሁ አቆዩት፤ በጠጡ ከመስክ ይራቅ፣ ተለይቶ ይከመር። በ14ኛው ቀን ከፊንጢጣ ናሙና ወስዳችሁ አስቆጥሩ። እንቁላል ካልታየበት ሌሎቹ በጎች ሲውሉበት ወደነበረው መስክ ይግባ እንጂ ወደ አዲስ መስክ አይደለም። ከታየበት በሦስተኛው ቤተሰብ አክማችሁ ሌላ 14 ቀን፤ አሁንም ከጣለ ለእርድ ይሸጥ፣ የእገዳ ጊዜው ሲያልፍ።